ዋልያና ቀይ ቀበሮ በሕግ ጥላ ሥር፦ በአማራ ክልል ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና የጥበቃ ሕጎቻቸው

ዋልያ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚኖረው በሰሜን ተራሮችና በዙሪያቸው ባሉ ገደላማ ሥፍራዎች ብቻ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን በስሙ ይጠራል፤ በርካታ የንግድና የአገልግሎት ድርጅቶችም ስሙንና ምስሉን መለያቸው አድርገዋል። ይሁን እንጂ እንስሳው ከመኖሪያ ገደሉ ከጠፋ ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ860 በላይ ደርሶ የነበረው የዋልያ ቁጥር ከዚያ ወዲህ በተካሄዱ ቆጠራዎች ከግማሽ በታች መውረዱ ጉዳዩ የአንድ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

በአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ውስጥ ከዋልያ ሌላ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ አንበሳ፣ ነብርና ሌሎችም ጥበቃ የሚሹ የዱር እንስሳት ይገኛሉ። እነዚህን ሀብቶች ለመጠበቅ የወጡ ሕጎች የፌዴራሉንም የክልሉንም መንግሥት የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ አፈጻጸማቸው ደግሞ እስከ ወረዳና ቀበሌ ድረስ የሚወርድ ነው። ይህ ጽሑፍ የእንስሳቱን ሁኔታ፣ የሕጎቹን አመጣጥና ይዘት እንዲሁም ሕጎቹን ከሚያስፈጽሙ አካላት የሚጠበቀውን ተግባር በአጭሩ ይዳስሳል።

በክልሉ የሚገኙ ዋና ዋና እንስሳት

ዋልያ ከፍየል ዝርያ የሚመደብ የተራራ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 በጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል አማካይነት ለሳይንሱ ዓለም ተዋውቋል። ወንዱም ሴቷም ቀንድ ያላቸው ሲሆን፣ የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ የተቆለመመና ከ1 ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል ነው። ዋልያ ለኑሮው የሚመርጠው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ቀጥ ያሉ ገደሎች ሲሆን፣ በገደሉ ጥግ የሚበቅለውን ሣርና ቁጥቋጦ ይመገባል። ሴቷ ከአምስት ወር በላይ ከምታረግዝ በኋላ በአብዛኛው አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች። በመሆኑም አንድ ጊዜ የተመናመነ መንጋ ወደ ቀድሞ ቁጥሩ ለመመለስ ረጅም ዓመታት ይፈጅበታል።

ዋልያ ለአደጋ የተጋለጠው በዋነኝነት በአደን፣ በእርሻ መስፋፋትና በልቅ ግጦሽ ምክንያት ነው። የገብስ ማሳ ወደ ገደሉ አፋፍ በተጠጋና የቤት እንስሳት በአምባው ላይ በበዙ መጠን፣ ዋልያው ለመኖሪያ አመቺ ወዳልሆኑ ጠባብ የገደል እርከኖች ይገፋል። ከፍየልና ከበግ ጋር አንድ ግጦሽ ላይ መዋል ደግሞ የቤት እንስሳት በሽታ ወደ ዋልያ የሚተላለፍበትን መንገድ ይከፍታል።

ቀይ ቀበሮ ከአፍሪካ ሥጋ በል እንስሳት ሁሉ በቁጥር እጅግ ካነሱት ግንባር ቀደሙ ሲሆን፣ እንደ ዋልያ ሁሉ በሩፔል አማካይነት ለሳይንስ የተዋወቀውም ከሰሜን ተራሮች በተገኘ ናሙና ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ያለው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ500 የማይበልጥ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚገኘው በኦሮሚያ ክልል በባሌ ተራሮች ነው። በአማራ ክልል በሰሜን ተራሮች፣ በአቡነ ዮሴፍ፣ በደላንታ፣ በቦረና ሳይንትና በጓሳ መንዝ አነስተኛና እርስ በርስ የተራራቁ መንጋዎች አሉ። በጮቄና በጎሽ ሜዳ ይኖሩ የነበሩት ግን ጠፍተዋል። ይህ የሆነው በአንድ ጊዜ ጭፍጨፋ ሳይሆን፣ የደጋው ሣር ቀስ በቀስ ወደ እርሻ ሲለወጥ በመካከል የቀረው መሬት መንጋ ማኖር የማይችልበት ደረጃ ላይ በመድረሱ ነው።

ቀይ ቀበሮ ጠዋትና ማታ በቡድን ተሰባስቦ የግዛቱን ወሰን ይቃኛል፤ አደኑን የሚያካሂደው ግን ለየብቻው ነው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል በመሆኑ ለገበሬው ማሳ ጠቃሚ እንስሳ ነው። በጓሳ መንዝ በተካሄደ ጥናት ቀይ ቀበሮዎች በሣር በሚግጡ የጭላዳ መንጋዎች መካከል ሆነው ሲያድኑ ከሙከራቸው 67 በመቶ ያህሉ ሲሳካ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን የተሳካላቸው 25 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበር ተመዝግቧል። አንዱን እንስሳ መጠበቅ ሌላውንም መጠበቅ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ከሰው ጋር ወደ ደጋው የሚወጣው ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች በተለያዩ ዓመታት ተከስቶ የቀይ ቀበሮዎችን ቁጥር በእጅጉ የቀነሰባቸው ጊዜያት ነበሩ። ከውሻ ጋር መዳቀልም የዝርያውን ንጽሕና ያሰጋል። ጥቂት አባላት ብቻ ባሉት የሰሜኑ መንጋ ውስጥ አንድ ወረርሽኝ ቢገባ መንጋው ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል።

ጭላዳ ዝንጀሮ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ በዓለም ብቸኛው የዝንጀሮ ወገን ነው። በደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክት የሚታወቅ ሲሆን፣ ከዋልያና ከቀይ ቀበሮ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ከፍተኛ ነው። ያም ሆኖ የሚኖረው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ በመሆኑና የሚግጠውን ሣር ከከብት ጋር ስለሚሻማ ጥበቃ ያስፈልገዋል።

በቆላው ክፍል በቋራ ወረዳ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ የአንበሳ መኖሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በካሜራ ወጥመድ በተደገፈ ዳሰሳ በፓርኩ አንበሶች መኖራቸው የተረጋገጠ ሲሆን፣ አጥኚዎቹ በአልጣሽና በአጎራባቹ የሱዳን ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ገምተዋል።

የሕጉ አመጣጥ

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን የሚመለከት የጽሑፍ ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 በተለይ የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ አውጥተው ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአደን እንስሳትን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 61 ታውጇል። የእነዚህ ሕጎች ዋነኛ ትኩረት አዳኙ ላይ ነበር፤ ማን፣ መቼና ምን ያህል ያድናል የሚለውን ይወስኑ ነበር እንጂ የእንስሳውን መኖሪያ አይጠብቁም ነበር።

ይህ አመለካከት መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1965 የላካቸው የባለሙያ ቡድኖች የኢትዮጵያን የዱር እንስሳት ሁኔታ ከቃኙ በኋላ የተከለሉ ሥፍራዎች እንዲቋቋሙ ምክር ሰጥተዋል። በዚያን ጊዜ የዋልያ ቁጥር 150 ገደማ ብቻ እንደነበር ይገመታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) በሕግ ተቋቋመ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1970 የዱር እንስሳት ጥበቃ ትእዛዝ ቁጥር 65፣ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1974 የማስፈጸሚያ ደንቦች ወጡ። በደርግ ዘመን ደንና የዱር እንስሳትን በአንድነት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 192 እ.ኤ.አ. በ1980 ታወጀ።

ከ1987 ዓ.ም. የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በኋላ መንግሥታዊ አወቃቀሩ ፌዴራላዊ በመሆኑ፣ የዱር እንስሳት አስተዳደርም በፌዴራልና በክልል መካከል ግልጽ ክፍፍል የሚሻ ሆነ። ይህንን ክፍተት የሞላው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

የዱር እንስሳት ጥበቃ መነሻ የሚሆኑ በርካታ የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌዎች አሉ። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 5 መሬትና ሌሎች የተፈጥሮ ሀብቶች አጠቃቀምንና ጥበቃን የሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2(መ) ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የማስተዳደር ሥልጣን የክልሎች መሆኑን ይደነግጋል። ባጭሩ የሕጉ ማዕቀፍ የሚወጣው በፌዴራል ሲሆን፣ አስተዳደሩ ግን በመርህ ደረጃ የክልል ነው።

አንቀጽ 92 መንግሥትና ዜጎች አካባቢያቸውን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ማናቸውም የልማት ፕሮግራም የአካባቢን ደህንነት የማያናጋ መሆን እንዳለበት፣ የሚመለከተው ሕዝብም በዕቅድ ዝግጅትና በአፈጻጸም ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ያስገነዝባል።

አንቀጽ 44 በልዩ ትኩረት ሊነበብ የሚገባው ነው። ንዑስ አንቀጽ 1 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይገልጻል። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች በመንግሥት በቂ ዕርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዘዋወርን ጨምሮ ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አካባቢን መጠበቅና ከፓርክ የሚነሳውን ገበሬ መብት ማክበር በአንድ አንቀጽ ሥር መቀመጣቸው አንዱን ለመፈጸም ሌላውን መተው እንደማይቻል ያመለክታል።

አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ማስፈጸሚያው

አዋጁ ሦስት ዐበይት ዓላማዎችን ይዟል። እነዚህም የዱር እንስሳት ሀብትን መጠበቅ፣ ማልማትና በአግባቡ መጠቀም፤ አገሪቱ በዓለም አቀፍ ስምምነቶች የገባቻቸውን ግዴታዎች ለመወጣት ሁኔታዎችን ማመቻቸት፤ እንዲሁም በዱር እንስሳት ላይ የተመሠረተ ቱሪዝምንና የግል ኢንቨስትመንትን ማበረታታት ናቸው።

የሥልጣን ክፍፍሉን በተመለከተ በፌዴራል መንግሥት የሚከለሉና የሚተዳደሩ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥፍራዎች የሚከተሉት መሆናቸውን አዋጁ ዘርዝሯል።

አንደኛ፣ አገራዊና ዓለም አቀፋዊ ጠቀሜታ ያላቸውና የተለያዩ የዱር እንስሳትን የያዙ ብሔራዊ ፓርኮች፤

ሁለተኛ፣ በአገሪቱ ብቻ የሚገኙና ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት የሚኖሩባቸው ሥፍራዎች፤

ሦስተኛ፣ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ክልሎች ውስጥ የሚገኙ ሥፍራዎች፤

አራተኛ፣ ከጎረቤት አገሮች ጋር በሚደረግ ስምምነት የሚቋቋሙ ድንበር ተሻጋሪ ሥፍራዎች።

ከእነዚህ ውጭ ያሉትን ክልሎች ይከልላሉ፤ ያስተዳድራሉም። የግል ባለሀብትና የአካባቢ ኅብረተሰብም የጥበቃ ሥፍራ የሚያስተዳድሩበት ዕድል በአዋጁ ተከፍቷል። በዚህ መሠረት ቀደም ሲል በክልሉ ሥር ይተዳደር የነበረው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ከተቋቋመ በኋላ ወደ ፌዴራል አስተዳደር ተዛውሯል። አልጣሽ፣ ቦረና ሳይንትና ጓሳ መንዝ ግን በክልሉ ሕግ የተቋቋሙ ወይም ዕውቅና ያገኙ ሥፍራዎች ናቸው።

አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 (እ.ኤ.አ. 2008) የጥበቃ ሥፍራዎችን በዓይነት ከፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ይለያል። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከተከለከሉት ድርጊቶች መካከል የጦር መሣሪያ ይዞ መግባት፣ እንስሳትን ማወክ፣ ማረስ፣ የቤት እንስሳትን ማሰማራት፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ንብ ማነብና ማር መቁረጥ፣ ዛፍ መቁረጥ እንዲሁም ማዕድን መፈለግ ይገኙበታል። ዝርዝሩ እንደሚያሳየው አደን ከክልከላዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ድርጊቶች በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ እንደ ዕለት ተዕለት ሥራ የሚታዩ በመሆናቸው ሕጉን ማስተዋወቅ ከማስከበር እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

ቅጣትን በተመለከተ አዋጁ በወጣበት ጊዜ ያለፈቃድ የዱር እንስሳን የገደለ፣ የያዘ ወይም በውጤቱ የነገደ ሰው ከ5,000 ብር በማያንስና ከ30,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ፣ ወይም ከ1 ዓመት በማያንስና ከ5 ዓመት በማይበልጥ እስራት፣ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ደንግጓል። በ1999 ዓ.ም. 5,000 ብር ለአንድ ገበሬ ከባድ ገንዘብ ነበር። የገንዘቡ የመግዛት አቅም ከዓመት ዓመት በሚቀንስበት ሁኔታ ግን በቁጥር የተወሰነ መቀጮ የማስተማርና የማስጠንቀቅ ኃይሉ እየላላ መሄዱ አይቀርም። ሕግ አውጪዎች የመቀጮ መጠንን በየጊዜው መከለስ የሚያስፈልጋቸው፣ ፍርድ ቤቶችም የእስራቱን አማራጭ ከድርጊቱ ክብደት ጋር ማመዛዘን የሚኖርባቸው ለዚህ ነው።

ከዱር እንስሳት ሕግ ጎን ለጎን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መታወስ አለበት። መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ሌሎች የመሠረተ ልማት ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ተጽዕኖ እንዲገመገም አዋጁ አስገዳጅ አድርጓል። ፓርክን የሚጎዳ ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው በአዳኝ ሳይሆን በልማት ዕቅድ ሰነድ ላይ በመሆኑ፣ አዋጁ ለዱር እንስሳት ያለው ፋይዳ ከፍተኛ ነው።

ዓለም አቀፍ ስምምነቶች

ኢትዮጵያ የዓለም ቅርሶችን ጥበቃ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1977 ያጸደቀች ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ለመጥፋት በተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ላይ የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት (ሳይተስ) እ.ኤ.አ. በ1989፣ የብዝኃ ሕይወት ስምምነትን በ1994፣ የስደተኛ የዱር እንስሳት ጥበቃ ስምምነትን ደግሞ በ2010 ተቀላቅላለች።

ሳይተስ እንስሳትን በሰንጠረዥ ይከፍላል። ዝሆንና ነብር በአንደኛው ሰንጠረዥ ስለሚገኙ የንግድ ዝውውራቸው በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። የአፍሪካ አንበሳና ጭላዳ በሁለተኛው ሰንጠረዥ ተመዝግበዋል፤ ከአገር የሚወጡትም በፈቃድ ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ገበያ የሚፈለግ ንግድ ስለሌለበት በሰንጠረዡ አልተካተተም። ይህ ማለት የቀይ ቀበሮ ሕልውና በጉምሩክ ኬላ ሳይሆን በደጋው ግጦሽና በቀበሌው ውሻ ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ነው። ኢትዮጵያ ለስምምነቱ ያላትን አቋም ካሳየችባቸው እርምጃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በይፋ ማቃጠሏ ነው።

የሰሜን ተራሮች ተሞክሮ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሕግ ሲከበርና ሲላላ የሚከተለውን ውጤት አጉልቶ የሚያሳይ ነው። በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 136 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት የነበረው ፓርክ፣ የዋልያ መቀነስ፣ የእርሻና የሰፈራ መስፋፋት እንዲሁም ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ ባስከተሉት ስጋት እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት የፌዴራሉና የክልሉ መንግሥታት ተከታታይ እርምጃዎችን ወስደዋል። የፓርኩ ወሰን እንደገና ተካልሎ የሲልኪ፣ የቅዱስ ያሬድና የራስ ደጀን አካባቢዎች እንዲካተቱ በመደረጉ ስፋቱ ወደ 412 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አድጓል። የእርሻና የሰፈራ ቦታዎችም ከወሰኑ እንዲወጡ ተደርጓል። በግጭ አምባ ላይ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። የዋልያ ቁጥርም አድጎ በ2015 እ.ኤ.አ. ከ860 በላይ ደርሷል። እነዚህ ውጤቶች ተደምረው ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው መዝገብ እንዲወጣ አስችለዋል።

የግጭ ነዋሪዎች መዛወር ለፓርኩ ያስገኘው ጥቅም ግልጽ ነው፤ አምባው ከእርሻና ከከብት ተላቆ ሣሩ እንዲያገግም ዕድል አግኝቷል። በሌላ በኩል ትውልድ ለትውልድ ሲያርሱ የኖሩ ቤተሰቦች ከገብስ እርሻና ከከብት ርባታ ወጥተው የከተማ ኑሮ እንዲለምዱ ተጠይቀዋል። ካሣው ከተከፈለ በኋላ የሥልጠናው፣ የሥራ ዕድሉና የመኖሪያ ቤቱ ጉዳይ በቅርብ ክትትል ካልተመራ፣ ተነሺው ተመልሶ ወደ አምባው ማየቱ የማይቀር ነው። የአንቀጽ 44 ሁለት ገጾች በተግባር የሚፈተኑትም በዚህ ላይ ነው።

ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ከወጣ በኋላ የገጠሙት ፈተናዎች የተገኘው ውጤት በራሱ እንደማይዘልቅ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተነሳውን የእሳት ቃጠሎ ለመቆጣጠር ሄሊኮፕተር ማሰማራትና ከእስራኤል የመጣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ቡድን ድጋፍ አስፈልጎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነትና በክልሉ የቀጠለው የጸጥታ ችግር ደግሞ የጥበቃ ሠራተኞችን ቅኝት አስተጓጉሏል፤ የቱሪስት ፍሰትን አዳክሟል። ጎብኚ ሲጠፋ የአስጎብኚው፣ የበቅሎ አከራዩና የምግብ አብሳዩ ገቢ አብሮ ይጠፋል። ከፓርኩ የሚገኘው ጥቅም ሲቋረጥ የጥበቃው ማኅበራዊ መሠረትም ይናጋል። ከግማሽ በታች የወረደው የዋልያ ቁጥር መታየት ያለበት ከዚህ ሁሉ ጋር ተያይዞ ነው።

ጓሳ መንዝ፦ ከሕግ በፊት የነበረ ሕግ

በሰሜን ሸዋ የሚገኘው ጓሳ መንዝ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የደጋ ሥፍራ ነው። ስያሜውን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚያገለግለው የጓሳ ሣር ነው። አካባቢው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። በሥርዓቱ መሠረት ኅብረተሰቡ በመረጣቸው አባቶች አመራር ጓሳው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ያህል ከግጦሽና ከአጨዳ ተከልሎ ይቆያል፤ በድርቅ ወቅት በጋራ ውሳኔ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ሰሞን፣ እንደገና ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ በማኅበረሰቡ ይቀጣል።

የቄሮ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ምክንያት የቆመበት የርስት መሠረት በመፍረሱ ተዳከመ። ኅብረተሰቡ ግን ጓሳውን የሚጠብቅ ኮሚቴ ከየቀበሌው በማዋቀር ልማዱን በአዲስ መልክ አስቀጥሏል፤ የክልሉ መንግሥትም ሥፍራውን በኅብረተሰብ የሚተዳደር የጥበቃ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዕውቅና ሰጥቶታል። ቀይ ቀበሮ ከሌሎች የክልሉ ተራሮች በጠፋበት ዘመን በጓሳ መንዝ መትረፉ፣ ጥቅሙን የሚያውቅ ሕዝብ ከሁሉ የበለጠ ጠባቂ መሆኑን ያረጋግጣል።

ከአስፈጻሚ አካላት ምን ይጠበቃል?

ሕጉ በፌዴራል ደረጃ ቢወጣም የእንስሳቱ ዕጣ የሚወሰነው በደባርቅ፣ በአዲ አርቃይ፣ በጃናሞራ፣ በበየዳ፣ በመንዝና በሌሎችም ወረዳዎች በሚሰጡ የዕለት ተዕለት ውሳኔዎች ነው። በመሆኑም በየደረጃው ያሉ መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የይዞታ ማረጋገጫ ከመስጠታቸው በፊት የፓርክ ወሰን ካርታ በእጃቸው መኖሩን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። በጥበቃ ሥፍራ ላይ በስህተት የተሰጠ አንድ ደብተር ከዓመታት በኋላ የካሣ ጥያቄና የፍርድ ቤት ክርክር ይሆናል።

የግብርናና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በጥበቃ ሥፍራ ዙሪያ ለሚገኙ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየጊዜው ቢሰጡ ሰውንም፣ ከብትንም፣ ቀይ ቀበሮንም በአንድነት ይታደጋሉ። ለገደሉ አዋሳኝ በሆኑ ቀበሌዎች የበግና የፍየል ጤና ክትትልም እንደዚሁ ለዋልያ ዋስትና ነው።

ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የዱር እንስሳት ወንጀልን እንደ ጥቃቅን ጥፋት ሳይሆን እንደማይተካ የአገር ሀብት ጉዳት ሊመለከቱት ይገባል። የተያዘው ቀንድ፣ ቆዳ ወይም ሥጋ፣ የተገኘበት ቦታና ጊዜ ወዲያውኑ በጽሑፍ ካልተመዘገበ ክሱ በማስረጃ እጦት ይወድቃል። ስለዚህ ከፓርክ ጠባቂዎች ጋር ቋሚ የመረጃ ልውውጥ መዘርጋት አስፈላጊ ነው።

የመንገድ፣ የኤሌክትሪክና የኢንቨስትመንት ዘርፍ መሥሪያ ቤቶች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሟላ ሰነድ አድርገው ከማየት ተቆጥበው በዕቅድ ጊዜ ሊያካሂዱት ይገባል። አማራጭ መስመር መፈለግ የሚቀለው ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ነው።

የወረዳና የቀበሌ አስተዳደሮች ደግሞ ከፓርክ ገቢና ከቱሪዝም የሚገኘው ጥቅም ለአካባቢው ነዋሪ የሚደርስበትን መንገድ ማመቻቸት፣ የግጦሽ አማራጮችንም ከሕዝቡ ጋር መክሮ መወሰን ይኖርባቸዋል። ነብር ፍየሉን የበላበት፣ ጭላዳ አዝመራውን ያጠፋበት ገበሬ አቤቱታውን የሚሰማው ባለሥልጣን ካላገኘ ሕጉን እንደ ባላጋራ ማየቱ አይቀርም።

ማጠቃለያ

ከዳግማዊ ምኒልክ የአደን ደንብ እስከ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለው የሕግ ጉዞ አዳኝን ከመቆጣጠር ተነስቶ መኖሪያን ወደ መጠበቅ፣ ከዚያም ኅብረተሰቡን የጥበቃው ባለቤት ወደ ማድረግ ያደገ ነው። ሰሜን ተራሮች ከ150 ዋልያ ተነስቶ ከ860 በላይ መድረስ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ያንኑ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ማጣት እንደሚቻልም እንዲሁ። ጮቄና ጎሽ ሜዳ ቀይ ቀበሮአቸውን አጥተዋል፤ ጓሳ መንዝ ግን ጠብቆ አቆይቷል። በእነዚህ ሥፍራዎች መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ በሰፈረው ሕግ ብዛት የተፈጠረ ሳይሆን፣ ሕጉን በየቀኑ በሚያስፈጽመው አካልና በአካባቢው ሕዝብ መካከል ባለው መተማመን የተፈጠረ ነው። ዋልያን ለሚቀጥለው ትውልድ የማስረከቡ ኃላፊነትም በቅድሚያ የሚወድቀው በዚሁ አስፈጻሚ አካል ላይ ነው።